ስንዴ ላይ የተሰቀለው ዲቪዲ

ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ በነበረችኝ ጠባብ ሱቅ ፊልምና የሰርግ ምስል ዲቪዲ ላይ እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። ፍላሽ የሚባለው ነገር ሲመጣ ግን ደንበኛው ሁሉ ጣት የምታህል ዕቃ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየመጣ እሷ ላይ እንድጭንለት ይጠይቀኝ ጀመር። ጎረቤቴ የሞባይል ጠጋኙ፣ መጻፊያ ማሽኔን አሮጌ ዕቃ ለሚገዛው ቁራሌው እንድሸጠው በየቀኑ ይመክረኛል። አልሸጥም አልኩ። እልኸኛ ነኝ፤ ቀኑ አልፎበታል ስለተባልኩ ዕቃዬን አልጥልም።

እንዲህ በነደድኩበት ሰሞን አንዲት እናት ካገባች ልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብታለች፤ የሰርጓን ሁለት ዲቪዲ የጻፍኩላትም እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ፍላሽ ላይ ገልብጪልኝ አለችኝ። ገለበጥኩላት። እናትየው ዲስኮቹን ምን ላድርጋቸው ሲሉኝ፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ ወፍ ያባርሩባቸው» አልኳቸው። በንዴት ያልኩት ነው። እሳቸው ግን ከቤታቸው ጀርባ ግንባታ ያልደረሰባት ቁራጭ የስንዴ ማሳ ነበረቻቸውና ምክሬን የምር ወሰዱት።

በዓመቱ ባለቤታቸው ሞቱ። ፍላሹ ለካ ቀደም ብሎ ቫይረስ ገብቶበት፣ ልጅቷ መሥሪያ ቤት ያለ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ፎርማት አድርጎ ያለበትን ሁሉ አጥፍቶታል። አርባቸው ሳይወጣ እናትየው ሁለቱን ዲስኮች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። የተሰቀሉበት ክር ገና ከመሃላቸው አልወጣም፤ አፈሩን ደግሞ በኦሞ አጥበውታል። የፈለጉት አባትየው ልጃቸውን ሲመርቁ የተቀረጸችውን ብቻ ነው። ድምፃቸው ሌላ የትም የለም።

አፈርኩ። ያንን ክፉ ምክር የሰጠሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኳቸው።

«ምን አጠፋሽ ልጄ፣ ወፉስ ሸሽቶልኛል» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አንደኛውን ዲስክ ፀሐይ ጨርሶታል፤ ማሽኑ ባዶ ነው አለኝ። ሁለተኛው ማሳው ዳር ባለ ግራር ጥላ ሥር ተሰቅሎ ስለነበር ምስሉ ከሚጻፍበት ቀለም ትንሽ ቀርቶታል። ጎረቤቴ አዲሱ ኮምፒውተሩ ላይ ሞከረው፣ ኮምፒውተሩ ወዲያው ተፋው።

«ተዪው፣ ሞቷል» አለኝ፣ ሴትዮዋ እየሰሙ።

«ይህችን ቃል እዚህ ቤት አትድገማት» አልኩት። ዲስኩን ከእጁ ነጥቄ ለአሮጌው መጻፊያዬ ሰጠሁት።

ፍጥነቱን መጨረሻው ድረስ ዝቅ አደረግኩት። ያጉረመርማል፣ ይቆማል፤ አውጥቼ በጥጥ ጠርጌ እመልሰዋለሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋና ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመርኩት። እናትየው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማሽኑን እንጂ እኔን አያዩም። ከሰዓቱ በሙሉ በዚህ አለቀ። ፈርቻለሁ፣ ግን ተስፋ ቆርጬ ልነሳ አልፈለግኩም።

መጨረሻ ላይ ምስሉ ተቆራርሶ መጣ። የሰውየው ፊት ግማሹ የለም፣ ድምፁ ግን ደህና ነው። «ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንግዳ የማይጠፋው ቤት ይስጣችሁ» ይላሉ። እናትየው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና በያንዳንዷ ቃል አሜን አሉ። ጎረቤቴም ኮፍያውን አውልቆ አሜን ሲል ሰማሁት። እኔ አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም።

ለልጅቷ ፍላሽ ላይ፣ ለእሳቸው ሁለት አዲስ ዲስክ ላይ ጻፍኩ። ሲወጡ እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳርፈው ለማንም እንዳልሰጠው አደራ አሉኝ።

በማግስቱ ቁራሌው እየጮኸ መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመ። ጎረቤቴ ከሱቁ ብቅ አለና አየኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ፣ «እለፍ፣ እዚህ የሚሸጥ የለም» አለው።