ቀዳዳ የሌለው ኮንቴይነር

ባለፈው ክረምት ለቡ ውስጥ ምስማር ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሱቁ ኮንቴይነር ነው፤ እንደ ዛሬ ሱቆች ሁሉ ቀለም ተቀብቶ፣ ውስጡ መደርደሪያ የተሠራለት። ምስማሬ እየተመዘነ ሳለ ነፋስ ዝናቡን ገፍቶ ወደ ውስጥ አመጣውና ባለሱቁ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው። ጨለመ። የእርጥብ ብረትና የአሮጌ ጆንያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ከፊት ለፊቴ ግድግዳ ላይ ደግሞ ዝገት የበሳቸው ቀዳዳዎች የጤፍ ቅንጣት የሚያህል ብርሃን ይዘው ብቅ ብቅ አሉ። «ይኼ ቡና አይጭንም» አልኩ ሳላስበው። ባለሱቁ «እማማ፣ ምን አሉኝ?» አለ። ምን ብዬ ላስረዳው? የተናገርኩት እኔ ሳልሆን አባቴ ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ ምስማሬን ታቅፌ ቆምኩ።

አባቴ በደርግ ጊዜ ንፋስ ስልክ ውስጥ የአንድ ትልቅ የጭነት ግቢ ካቦ ነበር፤ የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ማለት ነው። ከአሰብ የሚመጡት ተሳቢዎች ኮንቴይነራቸውን እዚያ ያራግፋሉ፤ ባዶው ደግሞ ቡና ወይም ሰሊጥ ተሞልቶ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ከመሞላቱ በፊት ግን ይፈተሻል። አባቴ ብቻውን ውስጥ ይገባል፣ በሩን ከውጭ ይቀረቅሩበታል፣ እሱ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ጣሪያውንና ግድግዳውን ይቃኛል። የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ካየ ያ ኮንቴይነር ቡና አይጭንም። ብርሃን በገባበት ዝናብም የባሕር ውሃም ይገባል፣ የሰው ንብረት በስብሶ ይቀራል። ምንም ካላየ በሩን በቡጢ ይደበድባል፣ ይከፍቱለታል፣ «ጫኑ» ይላል። ቤት ሲገባ ሸሚዙ ያን የብረት ሽታ ይዞ ስለሚመጣ እናቴ «ሰው አገባሁ ብዬ ቆርቆሮ አገባሁ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

እኛ ጴንጤዎች ነበርን። አባቴና እናቴ ከወላይታ ሲመጡ ይዘውት የመጡት እምነት ነው። ዛሬ ይህን ስናገር ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። እንዲያውም ከቤቴ ጀርባ ያለው ቤተ ክርስቲያን እሑድ ጠዋት ድምፅ ማጉያውን ሲለቀው፣ እኔው ራሴ አማኟ «ኧረ እናንተ ሰዎች ቀንሱት!» እያልኩ እነጫነጫለሁ። ያኔ ግን ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር የምንሰበሰበው በየሰዉ ቤት በተራ ነው፤ መጋረጃ ዘግተን፣ ከደጅ እንዳይታይ ጫማችንን ወደ ውስጥ አስገብተን። የምንዘምረው ከንፈራችንን ገጥመን ነበር። ቃሉ በልባችን አለ፣ ዜማው በአፍንጫችን ይወጣል፤ ሰው በመስኮቱ ቢያልፍ የታመመ ሰው የሚያቃስት ይመስለዋል። አባቴ አንድ ጊዜ ለጸሎት ተሰብስበሃል ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ቀበሌ ታስሮ ስለወጣ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

እህቴ ታላቄ ናት። የመዘምራኑ መሪ እሷ ነበረች። የጸሎት እናቶች «ድምፅሽ ሲያምር» ይሏታል፤ በምን እንዳወቁ እንጃ። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ገና ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ አብሯት አደገ እንጂ ተከፍቶ አያውቅም። ቤቱ ጭር ሲል ትራስ አፏ ላይ ይዛ ትሞክረው ነበር።

«ምን ይመስላል?» ትለኛለች።

«ትራስ ይመስላል» እላታለሁ።

ትራሱን ትወረውርብኛለች፣ እንሳሳቃለን። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ላይ የሚቀረውን ነገር አይ ነበር። ሰው የራሱን ድምፅ ሳያውቀው ማደጉ ምን እንደሚመስል ያኔም አልገባኝም፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም።

የመጣላት ባል አሰብ ወደብ የክሬን ሠራተኛ ነበር፤ እዚያው ባሕሩ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ዝምተኛ፣ የእኛው እምነት ሰው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። አባቴ ሁላችንንም ሰበሰበና «ቀበሌ ፈቃድ የሰጠኝ ለድግስ ነው» አለ። «አንዲት መዝሙር ከድንኳኑ ከተሰማች ሙሽራው ጫጉላውን የሚጨርሰው እስር ቤት ነው።» እውነቱን ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረ የአንድ ወንድም ሠርግ ላይ ዘማሪዎቹ ከነሠርግ ልብሳቸው ተወስደው ነበር።

እህቴ አልተከራከረችም። ሰሃን ታጥብ ነበር፤ ጀርባዋን ሳታዞር «አባባ» አለችው፣ «ድምፄን ሳልሰማው ልዳር ነው?»

አባቴ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«አሰብ ማንንም አላውቅም። እዚያ ከማን ጋር እዘምራለሁ? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመዘምራኑ ልጆች ጋር፣ አፌን ከፍቼ።»

አባቴ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እራቱ ግማሹ እየተረፈ ይነሳ ጀመር፤ እናቴም ምክንያቱን ስለምታውቅ አትጠይቀውም ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ገባ። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ «አገኘሁ» አለ።

«ምን አገኘህ?» አለች እናቴ።

«አዲስ ኮንቴይነር። ገብቼ ብቆም ብቆም አንዲት ብርሃን አላየሁም። ቀዳዳ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ። «ብርሃን ካልገባ ድምፅ በየት በኩል ይወጣል?»

አንዳችንም አልጠረጠርን። ባሏ የተናገረውን ሁሉ ሁለት ሦስቴ የምታጣራው እናቴ እንኳ «ጌታ ያዘጋጀው ነው» አለች። ለሠርጉ ቀድሞ ከአሰብ የመጣው ሙሽራ ደግሞ ዕድሜውን በእነዚያ ብረቶች መሀል የኖረ ሰው ነው፤ እሱም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ለነገሩ ልጅ ሊወስድ የተቃረበ ሰው ለአማቱ ራሱን ከመነቅነቅ ሌላ ምን ያደርጋል? እህቴ አባቴን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ዝግ ነው፤ የሚኖረው ዘበኛው ብቻ ነበር። ዕድሜ የጠገበ የመንዝ ሰው ነው፣ ጠዋት መካኒሳ አቦ አስቀድሶ መጥቶ ነጠላውን እንደተከናነበ በሩ ላይ የሚቀመጥ። እምነታችንን አይወድም፤ «መጤ ነው» ይላል በግልጽ። አባቴን ግን ይወደው ነበር። ዓይን ውስጥ እንዳንገባ ሁለት ሁለት እየሆንን፣ አንዳንዶቻችን በአስፋልቱ አንዳንዶቻችን በወንዙ በኩል ዞረን መጣን። ዘበኛው መዘምራኑ ሲገቡ አንድ በአንድ ተመለከተ።

«ካቦ፣ ለፍተሻ ይሄን ያህል ሰው?»

«ዓይን ሲበዛ ጥሩ ነው» አለ አባቴ። መዋሸት ስለማይችል መሬት መሬት ያያል።

«በሰንበት?»

«ነገ ይጫናል።»

ዘበኛው እህቴን አየት አደረጋት። ሙሽራ መሆኗን ግቢው ሁሉ ያውቃል። «ግቡ እንግዲህ» አለና መቀርቀሪያውን ከውጭ ቀረቀረብን።

እንደዚያ ያለ ጨለማ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ፀሐይዋ ብረቱን ስታግለው ስለዋለች ሙቀቱ ከጣሪያው ይወርድብናል። የአዲስ ቀለም ሽታ አለ፣ ከሱ ሥር ደግሞ ጨው ጨው የሚል ሌላ ሽታ፤ ባሕር አይቼ ስለማላውቅ የባሕር ሽታ ይኼ ይሆናል አልኩ በልቤ። አጠገቤ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ ማን እንደሆነ አላውቅም። አባቴ እንደ ልማዱ ጣሪያውን ሲቃኝ ቆየ። «የለም» አለ በመጨረሻ። «ምንም የለም። በይ ልጄ።»

መጀመሪያ በለመደችው መንገድ ከንፈሯን ገጥማ ጀመረች። ከዚያ ከፈተችው።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ወፍራም ነበር ድምፅዋ። ያን ከመሰለ ቀጭን ገላ ይወጣል ብዬ ያላሰብኩት፣ ወፍራምና ለስላሳ፣ ማዶ ያለውን ግድግዳ ነክቶ ወደኛ የሚመለስ። እሷም ደንግጣ አቋረጠችው። ጨለማው ውስጥ «የኔ ነው?» ስትል ሰማኋት። መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች፣ እኛም ተቀበልናት። ግድግዳው ይንዘረዘር ጀመር፣ ወለሉ እግራችን ሥር ይርገበገባል። እኛ መንፈስ ቅዱስ የወረደ መስሎን ጭራሽ ጨመርንበት። የቆምነው ከበሮ ሆድ ውስጥ መሆኑን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ መሀል ላይ መዝሙሬን ትቼ እሷን ብቻ ሰማሁ። አጠገቤ የቆመው አባቴ መሆኑን ያወቅሁት ሲያለቅስ ነው።

በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይናችንን ያዘው። ዘበኛው መቀርቀሪያውን እንደጨበጠ ቆሟል። «ጨረሳችሁ፣ ካቦ?» አለ። ከእሱ ጀርባ፣ ከሽቦ አጥሩ ባሻገር፣ ሰፈሩ በሞላ ቆሞ ነበር። ቦኖ ውሃ ሲቀዱ የነበሩት ሴቶች ከነጀሪካናቸው፣ ኳስ ሲጫወቱ የነበሩት ኳሳቸውን ታቅፈው፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ። አንዲት ሴት እልል ልትል አፏን ከፍታ ጠመንጃውን አየችና መልሳ ገጠመችው። አባቴ የኮንቴይነሩን በር ተደገፈ። እህቴ ብቻ፣ ላብ ፊቷ ላይ እየወረደ፣ የደነገጠች አትመስልም ነበር።

አብዮት ጠባቂው ገና መዝሙሩ ሲሰማ ሮጦ መጥቶ ዘበኛውን እንዳፋጠጠው በኋላ ሰማን።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለው።

«የኮንቴይነር ፍተሻ ነው፣ ጓድ።»

«ፍተሻ ይዘምራል እንዴ?»

«አዲስ አሠራር ነው። በድምፅ ነው የሚፈተሸው። ድምፅ ካወጣ ቀዳዳ አለው ማለት ነው።»

«ይኸው ያወጣል አይደል!»

«እንግዲያው አይጫንማ» አለ ዘበኛው፣ በሩን ግን ሳይከፍትለት።

ይህን የተናገረው በሰንበት፣ ቅዳሴ አስቀድሶ በመጣበት አፉ ነው። አባቴ ለምን እንደዋሸለት ሲጠይቀው «ሙሽራ አይደለችም እንዴ?» ብሎ ነጠላውን አስተካከለ፤ ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላወራም።

ውሸቱ አላዳነንም። ሰኞ ጠዋት አባቴን ከሥራ ቦታው ወሰዱት። ዘበኛውም ተጠርቶ ተጠየቀ፤ እዚያም «ፍተሻ ነው» ብሎ ድርቅ ስላለባቸው ሰድበው አባረሩት። እህቴ እህል አልቀምስ አለች። «ለአንዲት ቀን ድምፅ ብዬ አባቴን አሳሰርኩ» ትላለች፣ ሠርጉም ይቅርብኝ ብላ ነበር። ሙሽራው በየቀኑ እየመጣ ደጃፋችን ላይ ይቀመጥ ነበር። ለሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀር አባቴን ለቀቁት። ጺሙ አድጎ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ ሲገባ እህቴ እግሩ ላይ ወደቀች።

አገጭዋን ይዞ ቀና አደረጋት። «ሰማሁሽ እኮ» አለ። «ሳልሰማሽ ድሬሽ ቢሆን ነበር የሚቆጨኝ።»

ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ የሚበላ ነገር ጠየቃት።

ሠርጉ ያለ አንዲት መዝሙር አለፈ። በማግስቱ ወደ አሰብ በሚሄድ ተሳቢ ጋቢና ውስጥ ከባሏ ጋር ሆና ሄደች፤ ሻንጣዋንና ትራሷን ከኋላ ጫኑላት። መኪናው ቦኖው ጋ ሰው ለማሳለፍ ሲቆም አንዲት የማናውቃት ሴት ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «የእሑዷ አንቺ ነሽ አሉ። አፌን ከፍቼ ስሰማሽ ጀሪካኔ ሞልቶ ፈሶ ባለ ቦኖው ሲሰድበኝ ዋለ» አለቻት። እህቴ ከት ብላ ሳቀች። መኪናው ሲሄድ እጇን በመስኮት አውጥታ አውለበለበች፣ እኔም አቧራው እስኪሰክን ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ዓመታቱ ሄዱ። መጀመሪያ ላይ ልጇን አዝላ ትመጣ ነበር። ቀጥሎ መንግሥት ተለወጠ፤ ለእኛ ጸሎት ቤታችን ተመለሰልን፣ አሰብ ደግሞ የሌላ አገር ሆነ። ባሏ የዚያው ተወላጅ ነውና እሷም እዚያው ቀረች። ጦርነቱ ሲመጣ ድንበሩ ተዘጋ፣ ስልኩም ተዘጋ። አባቴ ሲሞት ለእሷ መርዶ የምንልክበት መንገድ አልነበረንም። ለቀስተኛው ሁሉ «ትልቋስ?» እያለ ሲጠይቀን መልሱ ያደክመን ነበር።

ስልኩ የተከፈተ ሰሞን ልጇ አፈላልጎ አገኘኝና አገናኘን። ተላቀስን። የአባባን ነገርኳት፣ እንደገና ተላቀስን። ሲወጣልን ጊዜ «እስቲ ዘምሪልኝ» አልኳት፣ «ያን የኮንቴይነሩን።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ እንደ እናንተ አይደለም፣ እህቴ። ጸሎት ቤቱ ጥቂት ዓመት ተከፍቶልን ነበር፤ እንደገና ከተዘጋ ቆየ። ጎረቤት ይሰማል።»

ያን የመሰለ ድምፅ!

«አንቺ ዘምሪልኝ» አለች። «ጮክ ብለሽ። እዚያ ይቻላል አይደል?»

«ይቻላል» አልኳት።

መስኮቱን ከፈትኩት። የእኔ ድምፅ ለሰው የሚሆን አይደለም፣ ያኔም አልነበረም። ቢሆንም በቻልኩት ሁሉ ዘመርኩላት፤ ተከራዮቼ «ምን ሆነች ሴትዮዋ?» ብለው ከየክፍላቸው ወጥተው ግቢው ውስጥ እስኪቆሙ ድረስ። ከወዲያ በኩል ትንፋሿ ብቻ ይሰማኝ ነበር።