የምንልታዩ ሣጥን

አባቴን ሰፈሩ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ምንልታዩ» ነው የሚሉት። ሃያ ስምንት ዓመት ዲሽ ሲተክል የኖረ ሰው ነው። ደንበኛ ቤት ሲገባ ገና መሰላሉን ሳያቆም «መጀመሪያ ንገሩኝ፣ ምን ልታዩ ነው?» ይላል። «ሁሉንም» ካሉት መሰላሉን ተሸክሞ ይወጣል። የማጋንን የመሰለው ካለ እናቴን ይጠይቅ፤ ስንቱን ደንበኛ ከደጅ ለምና እንደመለሰች እሷ ታውቃለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዲሹ ክንድ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከሰማይ የመጣውን እየተቀበለች በገመድ ወደ ሪሲቨሩ የምትሰድ ዕቃ አለች። ስሟ ኤልኤንቢ ነው፤ እኛ ቤት ግን «ዓይን» እንላታለን። ለማያውቅ ሰው ሁሉም ዓይን አንድ ነው። አባቴ ግን አንዷ የምታየውን ሌላዋ አታየውም ባይ ነው። የሚፈለገው ጣቢያ ሳይታወቅ ዓይን መምረጥ፣ ምኑን እንዳመመው ሳይጠይቁ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው ይል ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላው ዲሽ ሠሪ የሱ ተቃራኒ ነው። የትኛውንም ጣቢያ ቢጠይቁት «አለ» ስለሚል ስሙ «ሁሉምአለ» ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ አባቴ «ዛሬስ ስንት ሰው ዋሸህ?» ይለዋል። እሱም «አንተ ያባረርካቸውን ብቻ» ይላል። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ይለያያሉ። አንዱ ሌላው ቤት ገብቶ አያውቅም።

የዛሬ ሰባት ወር አባቴን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱም ተያዘ። የተረፈችው አንዲት ቃል «እሺ» ናት። ዕድሜ ልኩን ለማንም እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ አሁን ከእሺ ሌላ የለውም። ውሃ ትፈልጋለህ? እሺ። አትፈልግም? እሺ። አንገቱም እንደ ምላሱ ከድቶታል፤ ለሁሉም ይነቀንቃል። ሐኪሟ ይሰማል፣ ይገባዋልም፣ የጠፋበት መውጫው ነው ብላናለች። ይህን ከሰማሁ በኋላ ይበልጥ ጨነቀኝ።

ታላቅ ወንድሜ ሩቅ አገር፣ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ የአመሻሹን ዜና ያነባል። ስልክ ሲደውል ከአባቴ የሚያገኘው እሺ ብቻ ስለሆነ መሃል ላይ ድምፁ ይሰበርና «እማዬን አገናኙኝ» ይላል። ስልኬ ላይ ላሳየው ብሞክር የአባቴ ዓይን ትንሽ ምስል አይዝለትም። ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ግን ወንድሜ ብቅ ብሎ «እንደምን አመሻችሁ» ሲል አባቴ «እሺ» ይለዋል፣ ወንድሜም ዜናውን ይቀጥላል። ማንም አያለቅስም። የሚገናኙት በዚህ ብቻ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጣቢያው ሳተላይት ቀየረ። ከመጥፋቱ በፊት አዲሱን የሞገድ ቁጥር ከስክሪኑ ግርጌ ወረቀት ላይ ቀዳሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ባጣሁበት ዓመት አባቴን ተከትዬ ጣሪያ ለጣሪያ ዞሬያለሁ። ገመድ ልጬ ጫፉን መሥራት፣ ዲሽ ማዞር አያቅተኝም። ዓይን መምረጥ ግን የሱ ነበር። ጠይቄው አላውቅም፤ እሱ እያለ ለምን እጠይቃለሁ?

አልጋው ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን አለው፤ ውስጡ ሠላሳ አራት ዓይኖች አሉ። እያንዳንዷ አንገት ላይ በእናቴ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጎባታል፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሮዝ፣ አንዷ ሁለት ቀይ። የነጥቦቹን ትርጉም ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሣጥኑን ፊቱ ከፈትኩት። ልጄን በረንዳ ላይ ከመጫወቻው ጋር ተውኩት፤ በረንዳችን የሽቦ ወንፊት ስላለው አልሰጋም። አንድ በአንድ እያነሳሁ «አባዬ፣ ይቺ ናት?» እላለሁ። «እሺ።» «ወይስ ይቺ?» «እሺ።» የሚያየው ግን እጄን አልነበረም፤ በክፍቱ በር በረንዳውን ነበር። ፀሐይ የፈለገ መስሎኝ ወንበሩን አዞርኩለት።

ሰባት መርጬ ጣሪያ ወጣሁ። እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ የሲግናሉን ቁጥር በመስኮት ትነግረኛለች። አሁንስ? ዜሮ። አሁንስ? ዜሮ። አምስተኛዋ ላይ ስደርስ «ቁጥሩ ሲለወጥ ደብቄ የማስቀረው መሰለሽ እንዴ?» አለችኝ። ሰባተኛዋም ዜሮ ስትሆን ወርጄ መንገዱን ተሻገርኩና ሁሉምአለን ጠራሁት።

ደጃችን ላይ ጫማውን ደጋግሞ ጠረገና ገባ። አባቴን ሲያይ «ዛሬ አላባረርከኝም» አለው። አባቴ «እሺ» አለ። ሰውዬው ቶሎ ወደ ወረቀቴ ዞረ። እንዲህ በሦስት ሺህ የሚጀምር ቁጥር ትንንሾቹ ዓይኖች የሚያዩት እንዳልሆነ፣ የሚፈልገው ባለቀለበቷን ወፍራሟን እንደሆነ ነገረኝ። ሣጥኑ ታች በጨርቅ ተጠቅልላ አገኘኋት። ነጥብ የለባትም፤ አንድ ብቻ ስለነበረች ምልክት አላስፈለጋትም።

የዲሹ መያዣ ስለጠበባት በሽቦ አሰርኳት። እናቴ «ስምንት» አለች። ከዚያ ዜሮ፣ ደግሞ ስምንት፣ ደግሞ ዜሮ። ምስል የለም። ሁሉምአለ መሰላሉን ይዞ ከታች ሆኖ «ዓይኗስ ልክ ናት፣ ልጄ» አለኝ። «ይሄ ትንሽ ዲሽ ግን የሚበቃትን አይሰበስብላትም። አባትሽ ትልቅ የወንፊት ዲሽ ነበረው፣ የታለ?»

ካለሁበት ወደ በረንዳው አየሁ። ልጄ ጣቶቹን ወንፊቱ ውስጥ ሰክቶ ወደ እኔ ይስቃል።

መዳህ የጀመረ ሰሞን ነው፣ የበረንዳው ብረት ክፍተቱ ሰፊ ስለነበር አባቴ ትልቁን ዲሽ አውርዶ በሽቦ መቁረጫ ሲከታትፈው የዋለው። ከእንግዲህ ይህን የሚፈልግ ጣቢያ የለም እያለ፣ እያፏጨ ነበር። ቁርጥራጩን ብረቱ ላይ በብሎን አሰረው፤ ከመታመሙ በፊት የሠራው የመጨረሻ ሥራ ነው።

ወርጄ ለሁሉምአለ ወንፊቱን አሳየሁት። ከዚያ አባቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ። «አባዬ፣ ስታሳየኝ የነበረው ይሄንን ነው?»

«እሺ።»

ይህ እሺ ከሌሎቹ ይለይ አይለይ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁሉምአለ ወንፊቱን በጣቱ መታ መታ አደረገና «እንዲህ ያለ ዲሽ አሁን የለም» አለ። ከሱ አፍ «የለም» ሲወጣ ሰምተን አናውቅም። የአባቴ የግራ ከንፈር ወደ ላይ ተሳበ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ይስቅ ነበር። ሰውዬውም አብሮት ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ብዙ ጊዜ ተናፈጠ። ሲወጣ፣ የተረሳ አሮጌ ዲሽ የቀረበት ጣሪያ ካለ ሰው እንደሚጠይቅ ነገረኝ። ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ። እስኪገኝ ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለውን ማሰብ አልፈልግም።

የዜናው ሰዓት ሲቃረብ አባቴ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። ስለዚህ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩት። ስክሪኑ ሰማያዊ ነው፤ መሃሉ ላይ «ሲግናል የለም» ይላል። እናቴ ልታጠፋው ስትል በግራ እጁ ሪሞቱን ያዘባት። ልጄ መጥቶ ጉልበቱን ተደገፈ።

ሰዓቱ ደረሰ። ወንድሜ «እንደምን አመሻችሁ» የሚልበት ሰዓት ነው። አባቴ ለሰማያዊው ስክሪን «እሺ» አለው።