የተዘጋው የኮክ ዛፍ

ይህን ጉንጉን አየሽው? ሣር ነው፤ ትናንት ከሥራ ስገባ እዚሁ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጎነጎንኩት። እጄ አሁንም ሣር ሣር ይሸታል። እኔን ግን ሣር በጎነጎንኩ ቁጥር የሚሸተኝ ቅርንፉድ ነው። ሣርና ቅርንፉድን ምን አገናኛቸው እንዳትይኝ፣ እነግርሻለሁ።

ቴክሳስ፣ ዩለስ የምትባል ከተማ ነበር የምንኖረው፣ በዘጠናዎቹ። በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ወንድሜ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ የአውሮፕላን ምግብ በሚሰናዳበት ኪችን እሠራለሁ። የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፣ ችኩል ነኝ፤ እንግሊዝኛውም ትምህርቱም መኪናውም ዛሬውኑ እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው። በቤታችን ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ወሬያችንን አቁመን እንጠብቅና ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ከአፓርታማው ጀርባ፣ ፓርኪንጉ ጥግ ላይ፣ ማን እንደተከለው የማይታወቅ አንድ የኮክ ዛፍ ነበር። ግቢው ግማሹ የኛው ሰው ስለሆነ ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ ልጁም አዋቂውም በጨው እየነከረ ይጨርሰዋል። ሲበስል አይቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የደሴቷን ሴት የተዋወቅኋት ኪችኑ ውስጥ ነው። ትሪው ላይ እኔ ዳቦ ሳስቀምጥ እሷ ቅቤ ታስቀምጣለች። ከአንዲት የኢንዶኔዥያ ደሴት የመጣች ናት፣ በዕድሜ የእናቴ ታናሽ እህት ብትሆን ነው። ከአሠሪዎቿ ጋር ልጆቻቸውን ልትጠብቅ መጥታ፣ እነሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሷ እዚሁ ቀረች፤ እኛው ግቢ ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር ተዳብላ ትኖራለች። ጉንጯ ሥር ሁልጊዜ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ አለ፣ ገና ሳትናገር ሽታው ቀድሟት ይመጣል። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርብር ያለ ስለነበር ጥሩ አድርገን ተግባባን።

ሥራ ስንሄድ መንገዱን ሁሉ ስለ መንደሯ ታወራኛለች። ደሴቷ ትንሽ ናት፣ ጥዋት መሄድ የጀመረ ሰው ምሳ ሳይደርስ ይዞራታል። ቅርንፉድ ሲለቀም መንገዱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ እንዲደርቅ ይሰጣል፣ ሰው ዳር ዳሩን ይሄዳል፣ ሽታው መንደሩን በሙሉ ያውደዋል። መብራት ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያገኝ ይመጣል፣ ጀልባ ደግሞ ባሕሩ ሲፈቅድ። ትምህርት ቤቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል።

"ከዚያ በኋላስ?" አልኳት።

"ወይ ዓሣ፣ ወይ ቅርንፉድ፣ ወይ ጀልባ" አለችኝ። ጀልባ ማለት መሄድ ነው። የሄደ ደግሞ አይመለስም፤ እሷም አንዷ ናት።

እናቷ ዘንድ የተወቻት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ ሌላ ደሴት ዘመድ ቤት ተጠግታ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳለች፤ አዋላጅ መሆን ነው የምትፈልገው። በዚያ መንደር ምጥ በማዕበል ቀን ከመጣ ጀልባ አይወጣም፣ ያለው እግዜር ብቻ ነው። የደሴቷ ሴት የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው እንዲያ ነው። ይህን የነገረችኝ ቅቤውን ትሪ ላይ እየደረደረች ነው፣ እጇ እንኳ አላቆመም።

በዚያ ዓመት የልጅቷ ተስፋ ምን ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ልንገርሽ። እነሱ ባሕር ይዘጋሉ። አዎ፣ ባሕር። ዳርቻው ላይ የተጎነጎነ ቅጠል ይሰቅላሉ፣ ቄሳቸው ይጸልያል፣ ከዚያ ወዲያ ለነጋዴ የሚሸጡት ዛጎል እስኪያድግ ድረስ ከዚያ ውኃ ማንም ምንም አያወጣም። ጊዜው ሲደርስ የዘጉት ራሳቸው ይከፍቱትና መንደሩ ሁሉ ባንድ ቀን ይገባል። ዘንድሮ ከሚወጣው ልጅቷን ሊያስተምሯት፣ እሷም ተምራ ልትመለስ ቃል ተገባብተዋል። ነገር ግን የቅርንፉድ ዋጋ ወድቆ ሰው ተቸግሯል፣ ባሕሩን አሁኑኑ እንክፈተው የሚለው በዝቷል። ዛጎሉ ሳያድግ ከተከፈተ ለዕለት ጉርስ እንጂ ለትምህርት አይተርፍም። ከጠበቁ ልጅቷ ትማራለች፣ ካልጠበቁ ትቀራለች።

እናቷ ቴክሳስ ተቀምጣ ምን ታድርግ? አንድ ጥዋት በጓሮ በኩል ስወጣ የኮኩ ግንድ ላይ የተጎነጎነ ሣር በቀይ ክር ታስሮ አየሁ።

"ዘጋሁት" አለችኝ። "እነሱ እዚያ ከጠበቁ እኔም እዚህ እጠብቃለሁ።" የኮኩ መብሰያና የባሕሩ መክፈቻ ጊዜው አንድ ነው አለች። እኔ የግቢውን ልጆች አሰብኩ፤ አንድ ፍሬ ቢነካባት ልቧ እንደሚሰበር ገብቶኛል።

በከንቱ ነው የተጨነቅኩት። ቀይ ክር ያየ አበሻ ማን ይጠጋል? ወንድሜ "ሶ፣ ይሄን መተት ማነው እዚህ ያሰረው? ማኔጀሩን ኮል አድርጊ" አለኝ። ጎረቤታችን መኪናዋን ከዛፉ ራቅ አድርጋ ፓርክ ማድረግ ጀመረች። እናቶች ልጆቻቸውን እጃችሁ ይሸመቀቃል ብለው አስፈራሩ። ላስረዳ ብል "አንቺንም ይዞሻል" ተባልኩ።

ከላይኛው ፎቅ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ወደ ዛፉ ሲሄዱ አየኋቸውና እየሮጥኩ ተከተልኳቸው።

"እማማ ይተዉት፣ ምንም አይደለም እኮ።"

"ዝም በይ ልጄ፣ እንዲህ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ።"

በስመ አብ ብለው ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ ረጩት። ልክ ያኔ የደሴቷ ሴት ከቤቷ ወጣች። በቃ ጉድ ፈላ አልኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ቆማ ስታይ ቆየች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ሄዳ የእማማን እጅ ያዘችና ግንባሯ ላይ አደረገችው።

"ስዘጋው ቄስ አልነበረኝም" አለችኝ። "የሚጸልይልኝ ሰው አጥቼ ነበር። እሳቸው ጸለዩልኝ።"

እማማ ግራ ገባቸው። የልጅቷንም የባሕሩንም ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጠርሙሱን ከደኑና "ታዲያ እናት ናት ብለሽ ቀድመሽ አትነግሪኝም?" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበራቸውን አስወርደው ከዛፉ ሥር መዋል ጀመሩ። ልጆቹ መተቱን ትተው እማማን ፈሩ።

ስልክ ያለው እኛ ቤት ነበር። ልጅቷ ለመደወል በጀልባ ወደ ከተማ መሻገር አለባት፤ ቀጠሯቸው ቅዳሜ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፣ እዚያ እሁድ ረፋድ ላይ። ጁን ገባ፣ ኮኩ ቀላ። ቅዳሜ መጣ፣ ስልኩ ዝም አለ። ሌላም ቅዳሜ ዝም አለ። ፍሬው በራሱ ጊዜ ይወድቅ ጀመር፣ ፓርኪንጉ በኮክ ሽታና በንብ ተሞላ። "ባሕሩ ተቆጥቶ ይሆናል" ትለኛለች። ሌላውን የፈራችውን አትናገረውም። ወንድሜ እንኳ አንጀቱን በልታው፣ ቅዳሜ ማታ ማንም እንዳይደውልልን ለጓደኞቹ ሁሉ ነገረ።

በመጨረሻ ጠራ። ምንጣፉ ላይ የማታ ብርሃን ተኝቶ ነበር። አነሣችው፤ ልጅቷ መናገር ስትጀምር አውሮፕላን መጣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ እሷ አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ዓይኗን ጨፈነች። እንዲያ አላልፍ ያለ አውሮፕላን አይቼ አላውቅም። ካለፈ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀች፣ አዳመጠች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ጠበቁ" አለችኝ። "ጠበቁላት።"

በማግስቱ ግቢው ሁሉ በተሰበሰበበት ጉንጉኑን ፈታችው። የመጀመሪያውን ፍሬ ለእማማ ሰጠች። እማማ ገመጡት፤ ጭማቂው በክንዳቸው እየወረደ "ለካ ጾም ነበር የያዘችው" አሉኝ። "እንኳን አብረን ፈታን በያት።" ነገርኳት። ያን ቀን የበላሁት ኮክ፣ አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ጠብቄ ያገኘሁት የመጀመሪያው ነገር ነበር። ወንድሜ መተት ነው ያለውን ዛፍ አራግፎ ሸሚዙን ሞልቶ ገባ።

ልጅቷ ተማረች፣ ቃሏን ጠብቃ ወደ ደሴቷ ተመለሰች። የሄደ አይመለስም ትለኝ የነበረችው እናትም ዘጠናዎቹ ሳያልቁ ሻንጣዋን አሰረች። ኮኩ አበባውን አራግፎ ፍሬ መቋጠር ጀምሮ ነበር። ልትሄድ ስትል ሣር ጎንጉና ግንዱ ላይ አሰረች።

"የዘጋው ነው የሚከፍተው ብለሽኝ አልነበር?" አልኳት።

"አንቺ ትከፍቺዋለሽ" አለችና ጉንጬን በሁለት እጇ ያዘችው።

ወንድሜ በታክሲው ወሰዳት። እኔ ከዛፉ ሥር ቆሜ፣ የሷ የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ፣ ያለፈውን አውሮፕላን ሁሉ ቀና ብዬ ሸኘሁ። ጁን ላይ ከፈትኩት፣ የግቢውን ሰው ጠርቼ። እማማ የብርዱን ወራት ሳይወጡ አርፈው ነበር፣ ወንበራቸው ግን እዚያው ነበር። የመጀመሪያውን ፍሬ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

አመሰግናታለሁ። ትምህርቴን ስጀምር ስንቴ ልተወው ብዬ ያ ጉንጉን ትዝ እያለኝ ነው የጨረስኩት። ከሄደች ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም፣ ቤት ስንቀይር ስልካችንም ተቀየረ። እዚህ፣ አሁን በምኖርበት ዋይሊ፣ ጓሮዬ ያለው ዛፍ ከዚያ ኮክ ፍሬ የበቀለ ነው።

ትናንት ጉንጉኑን ሳዘጋጅ ትንሿ ልጄ መጣች።

"ማሚ፣ ልትዘጊው ነው?"

"አዎ።"

"ሶ፣ ማነው ኦፕን የሚያደርገው?"

ሁልጊዜ "እኔ ነኝ" ነው የምላት። ትናንት ግን ቅርንፉዱ ሸተተኝ መሰለኝ፣ "አንቺ ትከፍቺዋለሽ" አልኳት።

"እኔ?" አለችና ሣሩን በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ ምንም ሳልነግራት፣ ከኪችን ወንበር እየጎተተች አወጣችና ከዛፉ ሥር ተቀመጠች።