እትዬ ድገሙትና የአናጢው ደም

የላብራቶሪ ኃላፊያችን እትዬ ድገሙት ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ሐኪሞቹ ነን፤ ናሙናው ካልጣማቸው «ድገሙት!» ብለው ይመልሱብናል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አንጠልጥለው ደም ሲመረምሩ ኖረዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔ ነገር ፈላጊ ይመስሉኝ ነበር።

ያ የሳንባ ቫይረስ የበረታ ሰሞን የጽኑ ሕሙማን አልጋ አንድ ብቻ ቀረን። ማን ይግባ የሚለውን የምንወስነው የደም ምርመራ አይተን ነው፤ የተጎዱ ሴሎች ወደ ደም የሚለቁት ኤልዲኤች የሚባለው ንጥረ ነገር ቁጥሩ ከመጠን ካለፈ የመትረፍ ዕድሉ የመነመነ ነው ተብሎ አልጋው ለሌላ ይጠበቃል። የአንድ አናጢ ቁጥር ሰማይ ነካ። እትዬ እስኪፈርሙበት እንኳ ሳልጠብቅ ኮምፒውተሩ ላይ አየሁትና መዝገቡ ላይ «አይገባም» ብዬ ጻፍኩ። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታያለች። አንገቴን ደፍቼ አለፍኳት።

ወዲያው እትዬ ቱቦውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ይህን ደም የቀዳው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ምን ሆነ?»

«በቀጭን መርፌ፣ በጥድፊያ ቀድተህ ደግሞ ናጥከው። እየው፣ ከላይ ያለው ፈሳሽ ቢጫ መሆን ሲገባው ቀልቷል። የደም ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ፈንድተዋል። ቁጥሩን ያናረው የሰውየው በሽታ ሳይሆን ያንተ እጅ ሊሆን ይችላል።»

«እትዬ፣ ሰው እየሞተ ነው! ጊዜ የለንም!»

«እኔስ ይሙት አልኩህ? ዞር በል፣ ራሴ እቀዳዋለሁ።»

አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ የአናጢውን ክንድ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ቀስ ብለው ቀዱ። እኔ በንዴት ጦፌያለሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወርዷል። የጻፍኩትን ሰርዤ ሰውየውን ራሴ እየገፋሁ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገባሁት።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በየቀኑ ወረደ። እትዬም፣ ደረጃ መውጣት የማይወዱት ሴትዮ፣ ውጤቱን በእጃቸው ይዘው በየጠዋቱ ይመጡ ጀመር። በአሥረኛው ቀን አናጢው ጭምብሉን አውልቆ፦

«ይሄን አልጋ የሠራው ማነው? እግሩ ይወዛወዛል እኮ!» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቱ ሳቋም ልቅሶዋም ተደባለቀባት። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

«አይተርፍም ብዬ አልጋውን ከልክዬህ የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

እሱም እጁን ዘረጋልኝ። ያ የአናጢ እጅ ጨምቆ ይዞኝ ጣቶቼ እስኪያሙኝ ድረስ አልለቀቀኝም። እኔም ልቀቀኝ አላልኩትም።