የቶኩጂ መልካም ዕድል

የዓሣ ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ከተባለ ወዲህ ሠራተኛው ሁሉ ፊቱን ሲያጠቁር፣ ሽማግሌው ቶኩጂ ብቻ እያፏጨ ይውል ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ካለው ቤተ መቅደስ ጎራ ብሎ ዕድል የተጻፈበት ወረቀት በዕጣ ያወጣል፤ ሁልጊዜም "ክፉ ዕድል" ይወጣለታል። ክፉ ዕድል የወጣበት ወረቀት ደግሞ በደንቡ ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ላይ ታስሮ ይቀራል እንጂ ቤት አይገባም። ቶኩጂም አስሮት፣ እፎይ ብሎ ወደ ሥራው ይወርዳል።

አንድ ቀን ግን ጉድ ፈላ፤ "ታላቅ መልካም ዕድል" ወጣለት። መልካም ዕድል ቤት ይወሰዳልና ኪሱ ከተተው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፉጨት ቀረ። ዝናብ እንዳያበሰብሰው ይሰጋል፣ ሌባ እንዳይወስደው ኪሱን ይዳብሳል። እራት ላይ ሾርባው እፊቱ ቀዘቀዘ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ፋብሪካው ተዘጋ እንዴ?" አለችው ሚስቱ ፉሚዬ።

"እሱስ በተሻለኝ! ዕድለኛ ሆኜልሽ ነው እንጂ።"

"ውይ! በል ሳይገድልህ መልሰው።"

በማግስቱ ታላቁን ዕድል ከክፉዎቹ ጎን ጥብቅ አድርጎ አሰረና እያፏጨ ወረደ። ፋብሪካው በር ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ጠበቀው። ቶኩጂ ትንሽ አየት አደረገው።

"አንተም እዚሁ ታስረህ ቅር" አለውና ፉጨቱን ካቆመበት ቀጠለ።