በአውድማ ላይ የጠፉት ዐሥር ሰከንዶች

ያ ቪዲዮ ዛሬ የለም። በውስጡ የታዩት ሰው እንዲጠፋ ስለ ጠየቁኝ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ሁሉ ከትውስታዬ የተቀዳ ነው፤ ትውስታዬ ታማኝ ምስክር አለመሆኑን ያስተማረኝ ደግሞ ያው የጠፋው ቪዲዮ ነው። አንባቢ ይህን አስቀድሞ ይወቅልኝ።

ሚሌኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ ከመምህርነት በጡረታ ስሰናበት፣ የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ዲጂታል ካሜራ ሸለሙኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ፊዚክስ በማስተማር፣ ወደ መሬት የሚወድቁ ነገሮችን በጠመኔ በመሳል ስለ ነበር ስጦታው ታስቦበት የተመረጠ ነው። ካሜራው ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲጫኑት ሠላሳ ፎቶዎችን በተከታታይ ያነሣል። ቪዲዮ ሲቀርጽ ደግሞ ዐሥር ሰከንድ የፈጀውን ድርጊት ከደቂቃ ተኩል በላይ ዘርግቶ፣ ዝግ አድርጎ ያሳያል፤ ወጣቶቹ ስሎው ሞሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። እንዲህ ሲቀርጽ ግን ድምፅ አይቀዳም። ደብረ ማርቆስ ባለው ቤቴ ግቢ ከቧንቧ የሚንጠባጠበውን ውሃ፣ ከአጥር ላይ የምትዘልለውን ድመት ቀረጽሁ። ድመቷ በአየር ላይ ስትዞር ያለ ድምፅ ማየት ደስ አላለኝም፤ ለምን እንደ ሆነ ግን አልመረመርሁም።

የተመኘሁት ሌላ ነገር ነበር። በአውድማ ላይ ምርት ሲዘራ ነፋስ ፍሬውን ከገለባው እንዴት እንደሚለየው ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ግን በዐይኔ ለይቼ አይቼው አላውቅም። በጥር ወር ሚኒባስ ይዤ ወደ ደምበጫ ወረድሁ፤ ከዚያም በእግር ወደ ታላቅ ወንድሜ አገር ሄድሁ።

ወንድሜ በዐሥራ ሁለት ዓመት ይበልጡኛል። አባታችን ሲሞት እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እርሳቸው ናቸው። በአጥቢያው በሁለት ነገር ይታወቁ ነበር፤ በዝምታቸውና ከፍታ ባለመፍራታቸው። ረጅም ባሕር ዛፍ የሚመለምል ሰው ሲጠፋ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። ንግግር ጀምረው በመሐል ዝም ሲሉ ደግሞ ሰው ሁሉ «ጸሎት ላይ ናቸው» እያለ ይጠብቃቸዋል። እኔም እንዲሁ እል ነበር።

በእኛ አጥቢያ የአውድማ ደንብ ጥብቅ ነው። ምርት በሚዘራበት ሰዓት ሰው በስሙ አይጠራም፣ ቁጥር አይነገርም፤ ላይዳ የተባለውን የእንጨት አካፋ የያዘ ሰው ቢያናግሩትም አይመልስም። ደንቡ ከተጣሰ በረከት ይሸሻል ይባላል። ስለዚህ ካሜራውን ባወጣሁ ጊዜ ወንድሜ ሥራ ሳይጀምሩ መረመሩኝ።

«ይህ ነገር ይናገራል?»

«አይናገርም፣ አያ።»

«ይቆጥራል?»

መዋሸት አልሆነልኝም። «የተነሣውን ፎቶ ብዛት ጥግ ላይ ይጽፋል።»

አብረዋቸው በወንፈል፣ ተራ በተራ እየተረዳዱ፣ የሚሠሩት ጎረቤት ሳቁ። እኒህ ጎረቤት ልጃቸው የወንድሜን የመጨረሻ ሴት ልጅ አጭቶ ስለ ነበር ለቤቱ ሁለት ጊዜ ቅርብ ነበሩ። «እኔስ ወንድም ነው ብዬ! ለካ ግብር ተማኝ ኖሯል የመጣው» አሉና ከበሬዎቹ ኋላ ትኩስ እበት ቆንጥረው ምስሉ የሚታይበትን የካሜራውን መስተዋት ጥግ፣ ልክ ቁጥሩ ላይ፣ መረጉት። «በል እንግዲህ ሊቁ፣ አሁን ተጠምቋል፤ አንሣ።»

ነፋሱ ከቀትር በኋላ ተነሣ። ወንድሜ በላይዳ፣ ጎረቤቱ ባለ ጣቶች በሆነው መንሽ ያዘሩ ጀመር። እኔ መጀመሪያ ሠላሳውን ፎቶ፣ ወዲያው ደግሞ ቪዲዮውን ወሰድሁ። በዚያ መካከል ጎረቤቱ «ትንሽ ወደ ነፋሱ ዞር ይበሉ» ብለው እንደ ነበር፣ ወንድሜ እንዳልመለሱ፣ ጎረቤቱም ራሳቸውን ነቅንቀው ሥራቸውን እንደ ቀጠሉ አስታውሳለሁ። ደንብ አክባሪነታቸው አስደነቀኝ። ወንድሜ ያለማቋረጥ ሲያዘሩ እንደ ነበርም አስታውሳለሁ፤ ላይዳው ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ጤፉ እንደ ጭጋግ ሲበተን። ይህን በመሐላ መመስከር እችል ነበር።

ስሰናበት ወንድሜ የቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳን ተነሥቶ ቆርቆሮ ሊለብስ መሆኑን፣ ማክሰኞ ጫፉ ላይ የሚወጡት እርሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። እንደ ሹመት ቆጥረውት ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባ፣ ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁና ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ያየሁት የተመኘሁትን ነው። ፍሬው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ የሚወርድም አይመስልም፤ ገለባው ከውስጡ እንደ ነፍስ ተለይቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ከጎረቤቱ መንሽ የወጣ ነበር። የጎረቤቱ ዐይን ቆብ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። የበሬው ጆሮ ዞረ። የጎረቤቱም የበሬዎቹም አፍ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለም።

ወንድሜ አያዘሩም ነበር።

ላይዳው ከወገባቸው ትይዩ ባዶውን ቆሟል። ዐይናቸው ተከፍቷል። አንዲት የገለባ ስንጣሪ ከላይ እየተወዛወዘች ስትወርድ ለረጅም ጊዜ ተከተልኋት፤ የት እንደምታርፍ አስቀድሜ ያወቅሁ ይመስለኛል። ዐይናቸው ላይ፣ ብሌኑ ላይ፣ አረፈች። ዐይኑ አልተከደነም። ቪዲዮው እስኪያልቅ ድረስ አልተከደነም። ከንፈራቸው ብቻ አንድ ነገር እንደሚቀምስ ሰው በዝግታ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሠላሳውን ፎቶ አንድ በአንድ አየሁ። በሁሉም ላይ ጭድ፣ ጥላ፣ በሬ፣ ጎረቤት ቦታ ይለውጣሉ። የወንድሜ ፊት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ ሰው ከእንጨት ጠርቦ ያቆመው ይመስላል። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ግቢ ወጣሁ። ያን ጊዜ ያስፈራኝ የእርሳቸው ፊት ብቻ አልነበረም። ዐይኔን ስጨፍን አሁንም ሲያዘሩ አያቸዋለሁ። በዚያ ሰዓት የሌለውን እንቅስቃሴ ማን ሠርቶ ሰጠኝ? ሌላስ ምን ሠርቶልኛል?

መሬት ላይ ሳይጥል ልብን ብቻ ለአፍታ የሚሰውር የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን እንደሚችል ከንባቤ ገመትሁ። በአገራችን የሚጥል በሽታ ተብሎ ስሙ ከተነሣ ግን ወሬው ከአንድ ሰው ላይ አይቆምም፤ ዘር ይቆጠራል፣ እጮኝነት ይፈርሳል። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ከታጨች ገና ወር አልሞላትም። ዝም ብል ማክሰኞ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ቅዳሜንና እሑድን «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» በማለት አሳለፍሁ። ጥንቃቄ ብዬ የምጠራው ጠባዬ ፍርሃት መሆኑን በእነዚያ ሁለት ቀናት ጠረጠርሁ።

ሰኞ ከወንድሜ ቤት ደረስሁ። በፀሐይ መስተዋቱ አልታይ ስላለ ሁለት ሽማግሎች ጋቢ ተከናንበን፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን አየነው።

«ይህ ማን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎ ነዎት፣ አያ።»

«ቁሞ የሞተ ሰው ነው ያሳየኸኝ።» ከጋቢው ወጡ። «አውድማ ላይ ዝም ማለት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው? ሲያስተምሩህ ይህን ነው ያስተማሩህ?»

«ዐይንዎ ላይ ገለባ አርፏል፣ አያ። አልተሰማዎትም።»

እጃቸው ሳያዝዙት ወደ ዐይናቸው ሄደ። በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ቆመው ነበር፤ መቼ እንደ መጡ አላየሁም።

«ከተጋባን ጀምሮ ነው» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመሬቱ። «አንዴ ምድጃ አጠገብ ቆመው የጋቢያቸው ጫፍ ሲጤስ አላወቁም። ከዚያ ወዲህ እሳት ባለበት ብቻቸውን ትቻቸው አላውቅም። እስኪመለሱ እጠብቃለሁ።»

ወንድሜ ዞሩባቸው። «ስንት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማን ልንገር? እርስዎ እኮ የሉም በዚያን ጊዜ! ሲመለሱ ደግሞ ደኅና ነዎት።»

ወንድሜ ሊቆጡ ቃጥተው ተዉት። ብዙ ከተለማመጥኋቸው በኋላ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ተስማሙ፤ ነገር ግን ከማክሰኞ በኋላ። «ልጄ ታጨች ባልሁ በወሩ፣ አባቷ ከጣሪያ ፈርቶ ቀረ አላስብልም» አሉ። መሰላል ይዘው ከታች እንዲቆሙ፣ ለሰው የሚሰጡትም ምክንያት የወገብ ሕመም እንዲሆን ብቻ ለመንኋቸው። «አስብበታለሁ» አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ ቀጥታ ወደ መሰላሉ ሄዱ። አንድ እግራቸውን ከመጀመሪያው ርብራብ ላይ አሳረፉ። በእጃቸው የምስማር ከረጢት ነበር። ወደ ላይ አንጋጥጠው ጣሪያው ላይ ያሉትን ቄስ «ምስማሩን እኔ...» አሉና ቆሙ።

ቄሱ ከጣሪያው ጠርዝ ጮኹ፤ «እኮ ይምጡ! እርስዎን እየጠበቅን ነው!» «አንቱ ሰውዬ!» በግቢው የነበረው መዶሻ ሁሉ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ያ ከንፈር በዝግታ መንቀሳቀስ ጀመረ። በዚያ ሰዓት ካሜራው ቤት ነበር፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደ ቆየ አላውቅም። እኔ «ወንድሜ ታመዋል» ብዬ በሰው ሁሉ ፊት የተናገርሁ ይመስለኛል። በቦታው የነበሩት ባለቤታቸው ግን እስከ ዛሬ «ምንም አላልህም፤ አፍህን ከፍተህ ቆመህ ነበር» ይሉኛል።

የሁለታችንን ትውስታ የሚያስታርቅ አንድ ነገር አለ። ጎረቤቱ፣ የሙሽራው አባት፣ መጥተው እኔ የያዝሁትን መሰላል በሌላው ጎን ያዙ። በትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ የቆዳ ጠፍር ነበር።

«አይዞህ፣ ይመጣሉ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይህን ጠፍር ወገባቸው ላይ ልቋጥርላቸው ነበር ያመጣሁት፤ አንተ ቀደምኸኝ።»

«ያውቃሉ እንዴ?»

«አብሬያቸው ሃያ ዓመት አጭጃለሁ፣ አዝርቻለሁ። አንተ ከተማ ነበርህ።»

ልጅቷን ለልጃቸው የጠየቁት ይህን እያወቁ ነው ማለት ነው። ከቅርብ ሰዎቻቸው ሳላውቅ የኖርሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ወንድሜ ያን ጊዜ ተመለሱ። «...አወጣልዎታለሁ» አሉ፤ የጀመሩትን ቃል ሳይሰብሩ ከቆመበት ጨረሱት። ከዚያም የሁላችንን ፊት አዩ፣ እግራቸውን ከርብራቡ አወረዱ፣ ከረጢቱን ለጎረቤቱ ሰጡ። ስለ ወገብ ሕመም ምንም አልተናገሩም።

በማግስቱ በሚኒባስ ማርቆስ ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየችው። «አባቴ፣ ሲሄዱ ምን ይታይዎታል?» አለቻቸው።

«እኔ የትም አልሄድም» አሉ ወንድሜ። «የምትዘልሉት እናንተ ናችሁ። እዚህ የነበረው ሰው ድንገት እዚያ ነው። በሬው ከትልሙ መሐል ነበር፣ ወዲያው ጫፍ ላይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ዓለም ለሁሉም እንዲሁ እየዘለለች የምትሄድ መስሎኝ ነበር።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች።

መድኃኒት ጀመሩ። ሦስት ወር ያህል ቆይቼ፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላ፣ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ፊታቸው ደኅና ነበር፤ ሳናግራቸው ሁልጊዜ ይመልሳሉ። ሕክምናው እንዴት እንደ ሆነላቸው ጠየቅሁ። ከደጅ የሚሄደውን ሰው ሁሉ፣ ከአንዱ አጥር እስከ ሌላው፣ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ይከተሉ ነበር።

«የሚዘልል የለም፤ ቀኑ ረዘመብኝ» አሉኝ።