የመሪማ ተነቃይ አጥር

መሪማን የሚያውቃት ሁሉ ግትር ናት ይላል። እኔ ሐምዲያ ከወሎ አብሬያት የመጣሁ፣ ካርቱም ዐማራት በሚባል ሰፈር በአንድ ቪላ አብሬያት ምንጣፍ የጠረግሁ፣ አንድም ቀን በክርክር ስትረታ አላየኋትም። ብትሸነፍም አታምንም! የሰው ቤት ሥራ ሲያንገፈግፋት ባሏን ይማምን «ሎሌነት ይብቃን፤ ላም እንግዛ» አለችው። እሱ ገና እያሰበ ሳለ እሷ ላሟን እየጎተተች መጣች።

ከናይል ማዶ ሂለት ኩኩ የሚባል፣ የወተት ላም የሞላበት ሰፈር አለ። እዚያ ሐጅ ኦመር ከሚባሉ ሰው ላይ ግቢ ተከራዩ። ሐጅ ኦመር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው እንጂ። ላሞቹ እየተዋለዱ በዙ። እኔም አንዲት ጥጃ ገዝቼ ከነሱ ጋር ቀላቀልኩና ዓርብ ዓርብ፣ አሠሪዎቼ ሲለቁኝ፣ እየሄድኩ አዛባ አወጣ ነበር። ከምንጣፍ አዛባ ይሻላል፤ ቢያንስ የራስ ነው።

ጣጣው የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ለዳቦ የሚሰለፈውና መንግሥት ይውረድ ብሎ የሚሰለፈው ሕዝብ በተቀላቀለበት በዚያ ዓመት። የከብት ሐኪሟ፣ ሁሉም ዶክቶራ ነው የሚላት፣ ክትባት ልትሰጥ መጣች። ቡሬ የምትባለውን የፈረንጅ ድቅል ላም የሚይዝ ጠፋ። ይማም «እኔ እያለሁ ገመድ ምን ያደርጋል?» ብሎ ገባ። እኛ አገር ወንድ ልጅ ከብት የሚይዘው በቀንድ ነው፤ አንዱ እጅ ቀንድ፣ ሌላው እጅ አፍንጫ፣ ጠምዘዝ፣ አለቀ። «ሰው በቃሉ፣ በሬ በቀንዱ» ሲባል እየሰማ ያደገ እጅ ደግሞ ባለቤቱን አያማክርም። የይማም እጅ ቀንድ ፍለጋ ሄደ። ቡሬ ግን ጎዳ ናት፤ ቀንድ የሚባል ነገር አልበቀለባትም። ጠዋት ማታ ሲያልባት የኖረ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? እሱ ያውቃል፤ እጁ ነው ያላወቀው። አየር ጨብጦ ወደፊት ሲደፋ ቡሬ ራሷን ወርወር አድርጋ ከግድግዳው ጋር አጣበቀችው። ክንዱም ትከሻውም ተሰበረ።

ሂለት ኩኩ ያለው ሐበሻ ሁሉ «የሌለ ቀንድ ይዞ የወደቀ» እያለ ሲስቅበት ሰነበተ። እኔም ስቄያለሁ፤ ሆስፒታል ሄጄ ካየሁት በኋላ ግን ተውኩ። ዶክቶራ «የከብት መያዣ አጥር እስኪሠራ ድረስ እዚህ ግቢ እግሬን አላስገባም» ብላ ሄደች። ሐጅ ኦመርም «ነገ ሰው ቢሞት ፖሊስ የሚጠይቀው እኔን ነው። ረመዳን ሳይገባ መያዣ ካልሠራችሁ ከብቶቻችሁን ይዛችሁ ውጡ» አሉ። ሌላ ግቢ በቀላሉ አይገኝም፤ ለሐበሻ ደግሞ ጭራሽ። ግቢው ከሄደ ላሞቹ ይሸጣሉ፤ ላሞቹ ከተሸጡ መሪማ ወደ ሰው ምንጣፍ ትመለሳለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

መካሪ ግን አልጠፋም። ሐጅ ኦመር ራሳቸው «ወፍራም ብረት በሲሚንቶ ትከሉ፤ ለልጅ ልጅ ይሆናል» አሉ።

«ለማን ልጅ ልጅ?» አለችኝ መሪማ፣ እሳቸው ዞር ሲሉ። «በሰው መሬት የተከልሽው ለባለመሬቱ ነው። እኔ የምፈልገው ስሄድ አብሮኝ የሚሄድ ነው።»

አንዲት ጊደር ሸጠች፣ እኔም ከአሠሪዎቼ የሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁና ሰጃና ወደሚባለው የብረት ገበያ ሄድን። እዚያ ከቢር የሚባል በያጅ አለ። ወላጆቹ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው እንደ ሱቁ በር ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው።

«ኻልቲ፣ ይኼ ተቂል ውሰጂ» አላት፣ ከወፍራም ቧንቧ የተበየደ ረጅም ፍርግርግ በመዳፉ እየደበደበ፤ ኻልቲ አክስቴ፣ ተቂል ከባድ ማለቱ ነው። «ከባድ ጥሩ ነው። ላም ይመታል፣ ይኼ አይሄድም። ወላሂ ታንክ ራሱ አይገፋውም!»

መሪማ የተጠቀለለችበትን የሱዳን ቶብ ወገቧ ላይ አሰረችና «ሐምዲያ፣ ነይ ያዥ» አለችኝ። እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። አነሳነው ማለት ይከብዳል፤ ጉልበታችን ድረስ መጣና ተመልሶ ወረደ። በያጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፣ አላፈረችምም።

«ባሌ የሚሠራለት አንድ እጁ ነው። ይህን የማነሳው እኔ ነኝ፣ ከዚች ጋር። ይዘነው ከዚህ እስከዚያ መኪና ድረስ ካልሄድን አልገዛም» አለች።

«ኻልቲ፣ ኸፊፍ ከሆነ ላም ይገፋል!» አለ ከቢር፤ ቀላል ከሆነ ማለቱ ነው። እውነቱን ነበር፤ እዚህ ላይ እኔም ለሱ ፈርጄ ነበር። ብቻውን የቆመ ቀላል ፍርግርግ ቡሬ በጎኗ ብትታከከው ይዛው ትሄዳለች። መሪማ ግን ሱቁን እየዞረች አንዱን ስትነቀንቅ፣ ሌላውን ስትገፋ፣ ከታች ያለው ክፍተት የጥጃ እግር ይቀረቅር እንደሆነ ክንዷን አስገብታ ስትሞክር ቆየች። በመጨረሻ አንድ ጥግ ላይ የተያያዙ ሁለት ቀጫጭን ፍርግርጎች አገኘች። የአንዱ ቀለበት በሌላው ቀለበት ላይ ይገጥምና ከላይ እስከ ታች ረጅም ፒን ይሰካበታል። አንዱን ስትገፋው ሌላው ያዘው።

«ካያያዝ ይቀደዳል» አለች፤ «ጉዳዩ ክብደቱ አይደለም፣ አያያዙ ነው። ክብ አድርገን ከሰካነው አንዱን የሚገፋ ሁሉንም መግፋት አለበት።»

ከቢር በፒን ፋንታ ሰንሰለት ላድርግልሽ አላት፤ «ሰንሰለት ይላላል» ብላ መለሰችው። ሹል ብየዳውን ሁሉ አስሞረደችው። መጨረሻው ላይ አንገት የሚይዝ በር፣ ባለቀንዷንም ጎዳዋንም የሚያቆም፣ አሠራችው። አንዱ ፍርግርግ እንዳለቀ እኔና እሷ አንስተን ሱቁን አንድ ጊዜ ዞርን። ሁለተኛ ልትዞር ስትል ከቢር እጁን አንስቶ «ኸላስ ኻልቲ፣ ኸላስ!» አለ፤ በቃ ማለቱ ነው።

መብራት እየጠፋ ሥራው ተጓተተና ያለቀው ሐሙስ ሆነ። ያኔ ሐሙስ የሰልፍ ቀን ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቃል። «እባክሽ ይደር» ብላት «ዶክቶራ መያዣው ከቆመ ቅዳሜ እመጣለሁ ብላለች፤ ገና መግጠም አለብኝ» አለችና አስጫነች። እኛም ከብረቱ ጋር ተጫንን። ሾፌሩ ዋናው መንገድ ላይ ወታደር ሲያይ ናይልን ወደሚያሻግረው ድልድይ በቡሪ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ልቁረጥ ብሎ ታጠፈ። ከዝናብ ሽሽት ወንዝ ውስጥ እንደ መግባት ነው፤ በዚያ ዓመት ከቡሪ የባሰ ሰልፈኛ ሰፈር የለም። ጥቂት እንደሄድን ጡብ፣ አልጋና ጎማ የተቆለለበት መንገድ ላይ ወጣቶች አስቆሙን። ያንን ክምር መትረስ ይሉታል፤ የደኅንነት መኪና ሰፈር እንዳይገባ የሚዘጉበት ነው። አንደኛው የጫንነውን አየና «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ላከልን!» ብሎ ፍርግርጉን መጎተት ጀመረ።

መሪማ ጭነቱ አናት ላይ ወጥታ ቁጭ አለች።

«ይኼ ለከብት ነው!»

«ያ ኻልቲ፣ እኛንስ እንደ ከብት ሊነዱን አይደል የሚመጡት?» አለ ልጁ። ሲለምን ነበር እንጂ ሲያስፈራራ አልነበረም።

«እሱን ከሚነዱህ ጋር ተነጋገር። እኔ ባሌ ተሰብሮብኛል፤ ይኼን ካጣሁ ከነከብቴ ጎዳና ነኝ።»

ክርክሩ ሳያልቅ ተኩስ ተሰማ። ቡምባን የሚሉት አስለቃሽ ጭስ ዓይናችንን ለበለበው። ሰልፈኞቹ ከቅያሱ ጫፍ ወደ እኛ ይሮጡ ጀመር፤ ሴቶች አሉ፣ ሽማግሌ የደገፉ አሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከኋላቸው የሚያሳድዳቸው መኪና ድምፅ ይሰማል። ጡቡና አልጋው ገና መንገዱን እኩሌታ እንኳ አልዘጋም። የመሪማን ፊት አየሁት። ስትፈራ አልነበረም፣ ስትናደድ ነበር። ዘላ ወረደች።

«ያላ፣ አውርዱ! ኧረ እንዲህ አይደለም! ብቻውን አታቁመው! ቀለበቱን ቀለበት ላይ፣ ፒኑን ስካው!»

ሰዉ እንዳለፈ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አያይዛ አቆመችው። ጫፍና ጫፉን አንዱን በመብራት ምሰሶ፣ አንዱን በብረት በር አሰርነው። ሾፌራችን አላህን እየጠራ ከነመኪናው ተሰወረ። አሚና የምትባል የሰፈሩ ሴት እጃችንን ይዛ ወደ ግቢዋ አስገባችን። በበሩ ስንጥቅ አየን። የደኅንነቶቹ ፒክአፕ መጥቶ ገጨው። ፍርግርጉ ተንሸራተተ፣ ጮኸ፣ ጎበጠ፤ አልተበጠሰም። የተገፋው የቀሩትን ጎትቶ የመኪናውን አፍንጫ አቀፈው። መኪናው ወደኋላ ሲል አብሮት ሄደ! ታጣቂዎቹ ወርደው እየተራገሙ ሲታገሉ ቆዩና በመጨረሻ አላቅቀው በመጡበት ተመለሱ። እስከዚያ ድረስ መንገዱ ላይ የሚያዝ ሰው አልቀረም።

መሪማ በሩን ተደግፋ አለቀሰች። ለሰዉ ይሁን ለብረቱ አልጠየቅኋትም፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ሁለት ፍርግርጎች ዳግም የማይጠቅሙ ሆነዋል። የቀሩትን የቡሪ ልጆች ዓርብ ሙሉ በመዶሻ ሲያቃኑ ዋሉና አሚና በወንድሟ መኪና ሂለት ኩኩ አደረሰችን። ስንሰነባበት «ወንድሜ ሶባ ሰፈር ባዶ ግቢ አለው፤ የቸገራችሁ ቀን ንገሩኝ» አለች። ቅዳሜ ዶክቶራ ስትመጣ መያዣው ቆሞ ነበር። ሁለት ስለጎደለ ጠበብ ብሏል፤ እሷ ግን ጠበብ ማለቱ ላሟ እንዳትዞር ይረዳል አለች። ቡሬ ገባች፣ በሩ አንገቷ ላይ ተዘጋ፣ ተወጋች፣ ወጣች። ማንም በእጁ አልያዛትም። ይማም «ይኼው ነው እንዴ?» አለ። ይኸው ነበር።

ደስታችን ግን አልሰነበተም። ወሬው ድልድዩን ተሻግሮ ሐጅ ኦመር ጆሮ ገባ። መጥተው የጎባበጠውን ብረት ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«መያዣ ሥሩ አልኩ እንጂ መትረስ ሥሩ አልኩ? ይህን ብረት ፍለጋ ደኅንነቶች ቢመጡ የሚፈርሰው የኔ ቤት ነው። ውጡልኝ። ዛሬውኑ!»

መሪማ ትሟገታለች ብዬ ጠበቅሁ።  «ሐምዲያ፣ ፒኑን ንቀይ» አለችኝ ብቻ።

ለአሚና ተደወለ፣ መኪና መጣ። ፍርግርጎቹን ከበረቱ እስከ መኪናው መወጣጫ ድረስ ግራና ቀኝ ሰካናቸው፤ ላሞቹ ያለገመድ፣ ያለዱላ፣ ተከታትለው ወጡ። ከዚያ አጥሩን ራሱን ነቅለን መኪናው ላይ ከላሞቹ ጎን አሰርነው። ሐጅ ኦመር በራቸው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ የተውንላቸው አዛባ ብቻ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሶባ ላይ አቆምነው፤ ቡሬ አዲሱን ግቢ አሽትታ ስትጨርስ የአሚና ወንድም ድርቆሽ አመጣላት።

ሚያዝያ ላይ መንግሥቱ ወረደ። ካርቱም በጩኸት ተናወጠች፣ የማያውቅ የማያውቀውን አቀፈ። ረመዳን ሊገባ ሰሞን፣ እኔም እዚያው በነበርኩበት ዓርብ፣ ሐጅ ኦመር ተምር ይዘው ሶባ ድረስ መጡ። መሪማ በአክብሮት አስቀመጠቻቸው፣ ትኩስ ወተት ሰጠቻቸው።

«አሁን እንግዲህ የሚያስፈራ ነገር የለም» አሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ግቢው ባዶውን ነው፤ ኪራዩንም እቀንሳለሁ። ተመለሱ። አጥርሽ እንደሆነ ተነቃይ ነው፣ ምን ያስቸግርሻል?»

«ልክ ነዎት ሐጅ፣ አጥሩ ይነቀላል» አለቻቸው መሪማ። «እኔ ግን አልነቀልም።»

ሐጅ ኦመር ወተታቸውን ጨርሰው፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው መልሰው ሄዱ።